ክታቡ ውስጥ ምን ተጽፏል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በኮሮና ዘመን ግን ስም አውጪው የመሥሪያ ቤት ኮሚቴ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ዓለምን ሲያዳርስ (የውጭውን ዘመን በፈረንጆቹ፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ) መንግሥታት ሕዝባቸው በእጅ ስልኩ ላይ የሚጭነው መተግበሪያ ለማዘጋጀት ተሽቀዳደሙ። የአብዛኞቹ ሥራ ተቀራራቢ ነው፤ በበሽታው የተያዘ ሰው ከማን ጋር እንደዋለ፣ የት እንደነበረ፣ ቤትህ ተቀመጥ የተባለውም መቀመጡን ማወቅ። ስማቸው ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

ሲንጋፖሮች «ትሬስቱጌዘር» አሉት፤ «ዱካውን አብረን እንከተል» እንደ ማለት ነው። እስራኤሎች «ሃማጌን» ብለው ሰየሙት፤ «ጋሻው» ማለት ነው። ሕንዶች «አሮግያ ሴቱ»፣ ማለትም «የጤና ድልድይ» አሉ። ኩዌቶች «ሽሎኒክ» ሲሉት በእነሱ አነጋገር «እንደምን ነህ?» ማለታቸው ነው፤ ጥሬ ፍቺው «ቀለምህ እንዴት ነው?» ይሆናል። ሳውዲዎች «ተወከልና» አሉት። «በአምላክ ተመክተናል» ማለት ሲሆን፣ እኛ «ወኪል» ከምንለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። የኳታሮቹ ደግሞ «ኢሕቲራዝ» ነው፤ «ጥንቃቄ»።

እኔ ቃላት ስመነዝር የምውል ሰው ነኝና እነዚህን ስሞች እንደ አንድ ትንሽ የግጥም መድበል ደጋግሜ አነበብኋቸው። ሁሉም ደግ ስሞች ናቸው። ጋሻ፣ ድልድይ፣ ጥንቃቄ፣ ሰላምታ፣ መመካት! ዱካ መከተልን በግልጽ ያነሣው የሲንጋፖሩ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን «አብረን» በምትል ማር ተለውሷል። እንዲህ ያለ ስም ግን መጠሪያ ብቻ አይደለም። ቃል መግባትም ነው። «ጋሻህ ነኝ» ያለ ሰው ጦር ይዞ የተገኘ ዕለት መጠየቁ አይቀርም።

በዚያን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሕዝብ ለእነዚህ መሣሪያዎች ስላሳየው አመለካከት ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ገሚሱ ጸሐፊ «አልጭንም» ያለውን ሁሉ በኋላ ቀርነት ይከሰዋል። ገሚሱ ደግሞ እምቢ ያለውን ሁሉ የነፃነት አርበኛ አድርጎ ይሾመዋል። እንደኔ እንደኔ ሁለቱም ሕዝቡን በቅጡ አላዩትም። ይህን የምለውም ነገሩን ካየሁበት ትንሽ ቀዳዳ ተነሥቼ ነው።

የአክስቴ ልጅ በዚያ ዘመን ዶሃ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በ2012 ግንቦት ማብቂያ ገደማ ደወለችልኝና ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ወንድምዬ፣ አትስጋ፤ እኔ አረንጓዴ ነኝ» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ኋላ ስታስረዳኝ ስልኳ ላይ «ኢሕቲራዝ» የሚሉት ነገር ተጭኗል። ቀለሙ አረንጓዴ ከሆነ ሱቅ ያስገባል፤ ግራጫ ከሆነ ተጠርጣሪ ነህ፤ ቢጫ ከሆነ ተገልለህ ተቀመጥ ማለት ነው፤ ቀይ ከሆነ በሽተኛ ነህ።

«ውስጡ ምን ምን እንደሚመዘግብ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ማዳም ናት የጫነችልኝ፤ እኔ ምን አውቄ! እንደ ክታብ ይዤው እዞራለሁ» ብላ ሳቀች።

ክታብ ያለችው ለቀልድ ነው። ነገር ግን «ኢሕቲራዝ» የሚለው የዓረብኛ ቃል የተገኘው መጠበቅንና መከለልን ከሚያመለክት ሥር ነው። በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ ክታብ የሚጠራበት «ሂርዝ» የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። የአክስቴ ልጅ ዓረብኛዋ ከወጥ ቤትና ከገበያ አያልፍም፤ ሆኖም ሳታውቀው ስሙን አሳምራ ተረጎመችው።

ክታብ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ብራና ላይ ይጻፋል፤ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባበታል፤ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋል፤ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ያጠለቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያነበውም። ውስጡን የሚያውቀው የጻፈው ደብተራ ነው። ስለዚህ ክታብ ያሰረ ሰው ያመነው ጸሐፊውን ነው ማለት ይቻላል። በኮሮና ዘመን ለነበሩት መተግበሪያዎች ሕዝብ ያሳየውን ፊት መርምሬ የደረስኩበትም ይኸው ነው። ሰው ስለ ብሉቱዝና ስለ ሳተላይት አልተከራከረም። ማን ጻፈው? ማን ያነበዋል? መቼ ይወልቃል? እነዚህን ነው የጠየቀው፤ መጠየቅ የቻለው ሰው ማለቴ ነው።

መጠየቅ ካልቻሉት እንጀምር። ኳታር ከሜይ 22 ቀን 2020 ጀምሮ ከቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ መተግበሪያውን እንዲይዝ አዘዘች። ያልያዘ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 200 ሺህ ሪያል መቀጮ ሊያገኘው ይችል ነበር። መተግበሪያው የመታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ያለበትንም ቦታ ይከታተላል። በዚያው ሰሞን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባደረገው ምርመራ የመረጃው በር በሚገባ እንዳልተዘጋ ተገኘ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የጤና ሁኔታና ያሉበት ቦታ ለጠላፊ የተጋለጠ ነበር። ባለሥልጣናቱ ጉድለቱ እንደተነገራቸው ወዲያው አርመውታል፤ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ጥናት አድራጊ በዚያ ጊዜ የአክስቴን ልጅ «መተግበሪያውን ጭነሻል?» ብሎ ቢጠይቃት «አዎን» ትላለች። እሱም «ቴክኖሎጂውን ተቀብላለች» ብሎ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ለነበረ፣ ሱቅ ደርሳ ለመመለስ እንኳ ቀለም ለሚያስፈልጋት ሴት «መቀበል» የሚለው ቃል ምን ትርጉም አለው? በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በዚህ ዓይነት «ተቀባዮች» ውስጥ ተቆጥረዋል። ስለ ሕዝብ አመለካከት የሚወጡ አኃዞችን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የእሷ ሳቅ ነው።

በባሕሬን ደግሞ ነገሩ ወደ መዝናኛ ተሸጋገረ። በ2020 ረመዳን «ቤትህ ነህ ወይ?» የሚል የቴሌቪዥን ውድድር ነበር። በመተግበሪያው ከተሰበሰበው መረጃ የስልክ ቁጥሮች በዕጣ ይመረጡና በቀጥታ ሥርጭት ይደወላል፤ ቤቱ ሆኖ የተገኘ ይሸለማል። አምነስቲ እንደገለጠው መጀመሪያ ላይ በዕጣው መግባት ግዴታ ነበር፤ አልፈልግም የማለት ምርጫ የተጨመረው ኋላ ነው። አንድ ደራሲ ይህን በልብ ወለድ ቢያመጣው አርታኢው «አጋነንከው» ብሎ ይመልስበት ነበር።

አሁን ወደ ሲንጋፖር እንሻገር። ቃል ሲሰጥ፣ ሲሰበርና ሲጠገን በአደባባይ የታየው እዚያ ነውና። ትሬስቱጌዘር የወጣው በማርች 20 ቀን 2020 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ሲቀራረቡ ስልኮቻቸው በብሉቱዝ ምልክት ይለዋወጣሉ። የት እንደተገናኙ አይመዘገብም። ምልክቱ በስልኩ ውስጥ 25 ቀን ቆይቶ ይጠፋል፤ ባለ ስልኩ በበሽታው ከተያዘ ግን ለጤና ባለሥልጣናት ይተላለፋል፤ እነሱም ምልክቱን ፈትተው ከማን ጋር እንደነበረ ያውቃሉ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕዝቡ ቀዝቀዝ አለ። በጁን መንግሥት ዘመናዊ ስልክ ለሌላቸው አረጋውያንና ለሌላውም በኪስ ወይም በአንገት የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ሊያድል መሆኑን ሲያስታውቅ ተቃውሞ ተነሣ። ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በተቃውሞ ፊርማቸውን አኖሩ። መንግሥት ያደረገው ነገር የሚያስመሰግን ነው። ከውጭ ባለሙያዎችን ጋብዞ መሣሪያውን ፈታትተው እንዲያዩት ፈቀደ። አዩትም። ቦታ የሚያመለክት ነገር አልነበረበትም። ቀደም ሲልም የፕሮግራሙ መሠረታዊ ጽሑፍ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ነበር። በእኛ አነጋገር የክታቡ ስፌት ተተርትሮ ብራናው ተነበበ ማለት ነው። ሚኒስትሩም መረጃው በሽታውን ተከታትሎ ለመድረስ ብቻ እንደሚውል ለሕዝብ አረጋገጡ።

በጃንዋሪ 4 ቀን 2021 ግን በፓርላማ ለቀረበ ጥያቄ ከመንግሥት ወገን የተሰጠው መልስ ሌላ ሆነ። ለካስ ፖሊስ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ይህንንም መረጃ ማዘዝ ይችላል! ለአንድ የግድያ ምርመራም ጠይቆበታል። ቃሉን የሰጡት ሚኒስትር በማግሥቱ ቀርበው፣ ያንን ሲናገሩ ይህ ሕግ ትዝ እንዳላላቸው በግልጽ ተናገሩ። በፌብሩዋሪ 2 ቀን ፓርላማው የፖሊስን ሥልጣን በሰባት ዓይነት ከባድ ወንጀሎች የሚወስን ሕግ አወጣ።

ልብ እንበል። በዚህ ታሪክ ውስጥ መሣሪያው አልዋሸም። ብራናው ላይ የተጻፈው እውነት ነበር። ሚኒስትሩም እያወቁ ዋሹ የሚል ማስረጃ የለም። ቃሉን የሰበረው ከኮሮና በፊት የተጻፈ፣ ስለ ትሬስቱጌዘር አንዲት ቃል የማያውቅ አሮጌ ሕግ ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ብሂላችን ቃል ሰጪውን ሲያስጠነቅቅ፣ የተናገረውን እንዳይረሳ ብቻ አይመስለኝም። የማይችለውን እንዳይናገርም ጭምር ነው። ፈርመው የተቃወሙት ሰዎች ሲሳቅባቸው ቆይቶ ሥጋታቸው ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ የፈሩት ግን መሣሪያው ውስጥ አልነበረም፤ ከመሣሪያው ውጭ ነበር።

በዚያን ሰዓት ከነዋሪው 78 በመቶ ያህሉ መተግበሪያውን ወይም መሣሪያውን ይዞ ነበር። ይህን አኃዝ ብቻ የሚጠቅስ ጸሐፊ «ሕዝቡ አምኖ ተቀበለ» ይላል። መንግሥት ግን ቀደም ብሎ የእንቅስቃሴ ገደቡን ይበልጥ ለማላላት 70 በመቶ ያህል ሰው መያዝ እንዳለበት አስታውቆ ነበር። ሕዝቡ የተቀበለው እንግዲህ መሣሪያውን ነው ወይስ የተከፈተውን በር? ሁለቱን መለየት የሚችል አኃዝ አላየሁም።

ጀርመኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። መጀመሪያ መንግሥታቸው መረጃው በአንድ ማዕከል የሚከማችበትን አሠራር ይደግፍ ነበር። በ2020 አፕሪል ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ 300 ያህል የሳይንስ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ አወጡ፤ እንዲህ ያለው ክምችት ነገ ለስለላ ሊውል ይችላል ሲሉ አስጠነቀቁ። ይህ ማስጠንቀቂያ በጀርመን ምድር ባዳ አይደለም። በምሥራቁ ክፍል «ሽታዚ» የሚሉት መሥሪያ ቤት ጎረቤትን በጎረቤት ሲያሰልል የኖረበት አገር ነው። በዚያው ወር ማብቂያ መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ። በጁን 16 ቀን የወጣው መተግበሪያ ስም አይጠይቅም፤ የስልክ ቁጥርም አይጠይቅም። ስልኮች የሚለዋወጡት ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር የዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ ከታማሚ ጋር ተገናኝተህ እንደሆነ የሚያሰላውም የራስህ ስልክ ነው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ በሙሉ ለሕዝብ ተዘረጋ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ጫነው፤ ማንም ሳያስገድደው።

በሲንጋፖርና በጀርመን መካከል ያለው ልዩነት የሕዝብ ሥልጣኔ ወይም የባለሥልጣን ደግነት አይደለም። በሁለቱም አገር ብራናው ተነቧል። በሁለቱም አገር ቃል ተሰጥቷል። ነገር ግን የጀርመን ፖሊስ ነገ ተነሥቶ «መረጃውን አምጡ» ቢል የሚሰጠው የለም፤ በማዕከሉ የማንም ስም አልተቀመጠምና። ቃል ሰጪው ቃሉን ሊያጥፍ ቢፈልግ እንኳ የማይችልበት አሠራር ነበር። ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ጀርመኖች ከእኛ የተለየ ፍጡር ናቸው እንዳንል ደግሞ «ሉካ» የተባለውን እንመልከት። ይኸኛው የግል ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ ምግብ ቤት የገባ ሰው ስሙንና አድራሻውን የሚያስመዘግብበት ነው። ስመ ጥር ሙዚቀኛ ሳይቀር አስተዋውቆለታል፤ ብዙ የአገሪቱ ክፍሎችም በሕዝብ ገንዘብ ገዝተውታል። በ2021 ኖቬምበር ማይንስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ከምግብ ቤት ወጥቶ ወድቆ ሞተ፤ ፖሊስም ምስክር ሲፈልግ ከሉካ ላይ የእንግዶቹን መረጃ ወሰደ። ሕጉ በግልጽ ይከለክል ነበር። የተሰበሰበ መረጃ ግን እንደ ተከፈተ የማር እንስራ ነው፤ «አትቅመስ» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበትም ጣት አይጠፋለትም።

የእስራኤልንም «ጋሻ» ሳናነሣ አንለፍ። የጤና ሚኒስቴሩ መተግበሪያ በፈቃድ የሚጫን፣ መረጃውን በባለቤቱ ስልክ የሚያቆይ፣ የፕሮግራሙ ጽሑፍም ለሁሉ የተገለጠ ነበር። ደግ ጋሻ ነው። ሆኖም እሱ ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በ2020 ማርች አጋማሽ፣ መንግሥት «ሺን ቤት» የሚባለው የአገር ውስጥ የደኅንነት ድርጅት የዜጎችን የስልክ ዱካ እንዲከተል በአስቸኳይ ደንብ ፈቅዶ ነበር። ለዚህኛው የማንም ፈቃድ አላስፈለገም፤ የሚጫን ነገርም የለውም። ጉዳዩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በአፕሪል ማብቂያ ፍርድ ቤቱ ያለ ሕግ እንዲህ ማድረግ አይቀጥልም አለ፤ በማርች 2021 ደግሞ ክትትሉን በተባባሪነት እምቢ ባሉ ታማሚዎች ላይ እንዲወሰን አዘዘ። ጋሻው ፊት ለፊት ተሰጥቶህ ከኋላህ የሚከተልህ ካለ፣ ጋሻውን ለመቀበል ብታመነታ አላዋቂ አያሰኝህም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል። «ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ስለ ስምና ስለ ምሥጢር ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በዚያ ሰሞን ያስጨነቀኝ ነበር። መልሱን ከእንግሊዞች አገኘሁት። እነሱ በ2020 ሜይ ዋይት በተባለች ደሴት ማዕከላዊውን አሠራር ሞከሩ፤ አላዋጣ ሲላቸው በጁን ተዉት። በሴፕቴምበር 24 ቀን እንደ ጀርመኖቹ ያለውን፣ ስም የማያውቀውን አወጡ። በማግሥቱ ዓመት «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ያ መተግበሪያ በእንግሊዝና በዌልስ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ባሉት ሦስት ወራት፣ እንደ ስሌቱ ዓይነት፣ ከ284 ሺህ እስከ 594 ሺህ ሰዎች በበሽታው እንዳይያዙ አድርጓል ሲል ገምቷል። ስም ሳይጠየቅም ነፍስ ማዳን ይቻላል ማለት ነው።

ጥርጣሬ ሁሉ ጥበብ ነው ማለቴም አይደለም። በዚያው በእንግሊዝ በ2020 አፕሪል ሰዎች «አምስተኛው ትውልድ» የተባለው የስልክ አገልግሎት በሽታውን ያመጣል የሚል ወሬ ሰምተው በአሥሮች የሚቆጠሩ የስልክ ማማዎችን አቃጥለዋል፤ የጥገና ሠራተኞችን አንገላተዋል። ይህ ድንቁርና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ነገር ግን ማማ ያቃጠለውንና «መረጃዬን ማን ያነበዋል?» ያለውን በአንድ ከረጢት ከትቶ «ቴክኖሎጂ ጠል» ማለት ደግሞ የጸሐፊ ስንፍና ነው። የመጀመሪያው ዕቃውን ፈራ። ሁለተኛው ባለ ዕቃውን ጠየቀ። የመጀመሪያው መልስ አይፈልግም፤ ሁለተኛው መልስ ካገኘ ይጭናል። ጀርመንን ያየ ይመስክር።

ወደ አገራችን ልመለስ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፤ በዚያው ወር በ30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የብዙዎቻችን የኮሮና «ዲጂታል» ትዝታ አንገት ላይ የሚንጠለጠል አልነበረም። ሰው ጋ ስንደውል በመጥሪያው ድምፅ ፋንታ ስለ እጅ መታጠብና ስለ መራራቅ የሚመክር ድምፅ እንሰማ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በጥሞና ሰማነው፤ ትንሽ ቆይተን ተሰላቸነው፤ ከዚያ ቀልድ አወጣንለት። ተማሪዎች ትምህርታቸውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከታተሉ። በዚያ ዓመት ፋሲካ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አስቀደሰች። ሕይወቷን ሙሉ «ሰይጣን ሳጥን» ስትለው የኖረችውን ዕቃ በአንድ ሌሊት ዐውደ ምሕረት አደረገችው። ሽማግሌ አዲስ ነገር አይቀበልም የሚል ሰው ያን ሌሊት ቤታችን ቢመጣ ኖሮ ያፍር ነበር።

እናቴ ለምን ተቀበለችው? ቴሌቪዥኑ ስለሚሰጥ፣ ግን ስለማይወስድ ይመስለኛል። ቅዳሴውን ሰጣት፤ ስሟን አልጠየቃትም። የስልኩም ምክር እንዲሁ ይናገራል እንጂ አያዳምጥም። እኛ በወረርሽኙ ጊዜ ያወቅነው ቴክኖሎጂ በአብዛኛው ተናጋሪ ነበር። ሲንጋፖሮችና ጀርመኖች በፓርላማና በጋዜጣ የተከራከሩበትን ጥያቄ እኛ ሳንጠይቀው ወረርሽኙ አለፈ። ፈተናው ቀረልን ብለን ደስ ሊለን ይችላል። ፈተናው ግን ቀን ተለወጠ እንጂ አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ የሚወስዱ መሣሪያዎች መጥተዋል። ገንዘባችን በስልክ መዞር ጀምሯል። «ፋይዳ» የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የጣት አሻራችንን፣ የዓይናችንን ብሌንና የፊታችንን ምስል ይዞ አንድ ቁጥር ይሰጠናል። ስሙን ልብ በሉት፤ ይኸም ደግ ስም ነው። እኔ በመታወቂያው ላይ ጠብ የለኝም። ማንነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት አጥቶ ከየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ለሚመለስ ድሃ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የሚደነግግ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለን። ሕግ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ሲንጋፖርም ግን ሕግ ነበራት፤ ቃሉን ያጠፈውም አንዱ ሕግ ነው። ስለዚህ «መረጃህ የተጠበቀ ነው» ሲባል ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በየትኛው ሕግ የተጠበቀ ነው? የትኛው ሌላ ሕግ ይከፍተዋል? ነገ ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ «ለጤናህ ነው» ስንባል ስንፍራ ሳይሆን አስበን እንድንቀበል፣ ጥያቄውን በደኅና ቀን መልመድ አለብን።

በኳታር የኢሕቲራዝ ግዴታ በ2022 መገባደጃ ተነሣ። የአክስቴ ልጅ ከዚያ በኋላ ውሏን ጨርሳ ገባች። በ2017 ዓ.ም. የባንክ ሒሳብ ልትከፍት ፋይዳ አስፈለጋትና ወደ ምዝገባው አብረን ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። ተራዋ ሲደርስ መዝጋቢው ወጣት «ጣትሽን እዚህ ላይ» አላት። አራቱን ጣቶቿን ካስቀመጠች በኋላ ቀና ብላ «ወንድሜ፣ ይሄኛው ውስጡ ምን ይጻፋል?» አለችው።

«ስምሽ፣ የትውልድ ቀንሽ፣ አድራሻሽ፣ አሻራሽ ነዋ እኅቴ» አላት።

«እሱንማ ራሴ ሰጥቼህ የለ? ማን ማን ያነበዋል ማለቴ ነው።»

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተቆጣም። «እሱን አለቃዬን ልጠይቅልሽ» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ እኔም ሰዓቴን አየሁ። እሷ ግን ጣቶቿን ከመሣሪያው ላይ አንሥታ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቅ ጀመር።